ስለ ውሻዬ ስለ ትሺፒ ቀኝ ዓይን

ይድረስ ለተከበሩ የ«ሙሉ ልብ» የቤት እንስሳት መድን ድርጅት የካሳ ጥያቄ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት፣ በቤትዎ ውሻ ወይም ድመት ካለም የእንስሳውን ደኅንነት፣ በተለይም የዓይኖቹን፣ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ጉልበቴን አልፎ አልፎ ከሚያመኝ በቀር ደኅና ነኝ። ስሜ ኤፍሬም ሞጎሮሲ ይባላል። እዚሁ ኪምበርሊ፣ ጋለሼዌ ሠፈር ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይንስ አስተምሬ፣ የመጨረሻዎቹን አሥራ ሁለት ዓመታት ርዕሰ መምህር ሆኜ አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከዚህ በፊት የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች «መልእክትዎ ደርሶናል፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ በደቂቃ ውስጥ ስላገኙ፣ ከዚህ የበለጠ ፍጥነት መጠየቅ ብልግና መስሎ ታየኝና አምስተኛውን በከተማችን ጋዜጣ በኩል ለመላክ ተገድጃለሁ።

ጉዳዩ ትሺፒን የሚመለከት ነው። ትሺፒ በእኛ ቋንቋ ደወል ማለት ነው። ጡረታ በወጣሁበት ዕለት የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎቼ በካርቶን ይዘውት መጥተው «መምህር፣ ከነገ ጀምሮ ማን ደወል ይደውልልዎታል?» ብለው ሰጡኝ። ቡናማ ነው፤ አንዱ ጆሮው ይቆማል፣ ሌላው ይተኛል። በየማለዳው አጥሩ ሥር ቆሞ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱትን ልጆች ሁሉ ሳይጮህባቸው አያሳልፍም። ሚስት የለኝም፤ ልጆቼም ርቀው ይኖራሉ። ከእሱ ጋር አወራለሁ ብል ከእንግዲህ የሚያሳፍረኝ አይደለም፤ የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው፣ እደርስበታለሁ።

መድኑን የገባሁት በገበያ አዳራሹ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ ትሠራ በነበረች ወኪላችሁ አማካይነት ነው። «አባባ፣ ለሚወዱት ፍጡር ዋጋ አይወጣለትም፤ እኛ ግን አውጥተንልዎታል» አለችኝና ሳቅሁ፤ ፈረምሁም። ጎረቤቴ ማ ቦንትሌ ስትሰማ በአጥሩ ላይ ተደግፋ «ራ ሞጎሮሲ፣ ለውሻ መድን ገባህ አሉ። እንግዲያው ለዶሮዎቼ ጡረታ የሚያስገባ ካገኘህ ንገረኝ» አለችኝ። እኔም አስቀድሞ የመዘጋጀትን ጥቅም ስለማያውቁ ሰዎች ረጅም ትምህርት ሰጠኋት። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ወር ሳላጓድል ከፈልኩ።

ባለፈው ኦገስት፣ አቧራው በሚነሳበት ሰሞን፣ ትሺፒ ከቤቴ ጀርባ ካሉት እሾሃማ ዛፎች ሥር ቀኝ ዓይኑን ጨፍኖ ወጣ። ወደ እንስሳት ሐኪሟ ወደ ዶክተር ኬፉዌ ታባኔ ወሰድኩት። ዓይኑ ላይ ቀለም ጠብ አድርጋ በመብራት አየችው።

«መምህር፣ እሾሁ ወግቶታል፤ ቁስሉ እየጠለቀ ነው። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ካልሰፋሁት ዓይኑ ይፈርጣል።»

እኔ መጀመሪያ የጠየቅሁት ያመው እንደሆነ ሳይሆን ስንት እንደሚያስከፍል ነው። ነገረችኝ። ከዚያ ደረቴን ነፍቼ መድን እንዳለኝ ነገርኳት።

«መድኑን ይጠይቁ፣ ደግ ነው» አለች። «ቀዶ ጥገናው ግን እነሱን አይጠብቅ። ለእኔ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይሰጡኛል።»

«ሦስት ዓመት ከፍያለሁ፤ አሁን ተራው የእነሱ ነው» አልኳት።

ክቡር ሆይ፤ ከዚህ በታች ምስጋናዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ቅጹ አመሰግናለሁ። አሥራ አንድ ገጽ ነበር፤ ሁሉንም ሞላሁ። በሦስተኛው ቀን፣ የላክሁት ፎቶግራፍ ተቀባይነት እንደሌለው፣ የታመመው ዓይን ተከፍቶ መታየት እንዳለበት ጻፋችሁልኝ። ትእዛዝ አክባሪ ሰው ነኝና ትሺፒን በጉልበቶቼ መካከል ይዤ፣ ያበጠውን የዓይኑን ቆብ በሁለት ጣቶቼ ፈለቀቅሁ። እሱ ጮኸ፤ እኔ ፎቶ አነሳሁ። የመጀመሪያው ስለደበዘዘ ደግሜ አነሳሁ። በሕይወቱ ነክሶኝ አያውቅም፤ ያን ዕለትም አልነከሰኝም። ቢነክሰኝ ይሻለኝ ነበር።

፪ኛ. በስድስተኛው ቀን ስለደረሰኝ ትምህርት አመሰግናለሁ። ትሺፒ መድን በገባ በሃያኛው ቀን፣ ማለትም የሠላሳው ቀን መጠበቂያ ሳያልቅ፣ ግራ ዓይኑ አቧራ ገብቶበት ጠብታ ታዝዞለት እንደነበር ከሐኪሟ መዝገብ አግኝታችኋል። በውላችሁ መሠረት ጥንድ የሆኑ የአካል ክፍሎች እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ፣ የቀኝ ዓይኑ ሕመም ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም ሆኖ ተገኝቷል። ሳይንስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው በግራ ዓይን የገባ አቧራ በሦስተኛው ዓመት በቀኝ ዓይን በኩል እሾህ ሆኖ እንደሚወጣ ሳላውቅ ጡረታ መውጣቴ ያሳዝነኛል። በእኔ እጅ ላለፉት ተማሪዎች ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፫ኛ. ይህን ቁጥር መጻፍ ከብዶኝ ሁለት ጊዜ ብዕሬን አስቀምጫለሁ። እዚህ ላይ ተጠያቂው እናንተ አይደላችሁም።

ደብዳቤያችሁ በደረሰኝ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ዶክተር ኬፉዌ ሄጄ በሩን ዘጋሁና የመዝገቡን ቀን እንድትለውጥልኝ ጠየቅኋት። «ብዙ አይደለም፤ ማርች የሚለውን ኤፕሪል ብቻ አድርጊው» አልኳት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር፤ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚናገር ያለ አስተማሪ ያውቀዋል ለካ።

ኬፉዌ ተማሪዬ ነበረች። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች በሒሳብ ያገኘችውን ሠላሳ ስምንት በብዕር ሰማንያ ስምንት አድርጋ ተገኘች። እኔም በጠዋት ሰልፍ ላይ፣ በስድስት መቶ ልጆች ፊት አቁሜ ካርዷን ከፍ አድርጌ አሳየሁ፤ «ይህች ልጅ ለራሷ ሃምሳ ነጥብ ሰርቃለች» አልኩ፤ ሁለት ሳምንትም ከትምህርት አገድኳት። ለዓመታት ይህን ታሪክ የሐቀኝነት ምሳሌ እያደረግሁ ለአዳዲስ ተማሪዎች እናገረው ነበር።

ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣

«ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ እስቅ ነበር» አለች። «ሰልፍ ላይ ያሉኝን ያስታውሱታል?»

«አላስታውስም» አልኳት። ዋሸሁ።

«እኔ አስታውሳለሁ። አሁን ግን ውሻውን ያምጡልኝ።»

እሷ ፊት ወዲያው መመለስ አፍሬ በማግሥቱ ጠዋት ወሰድኩት። ሌሊቱን ዓይኑ ፈርጦ ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ደጅ ከተቀመጥኩ በኋላ ወጥታ «ዓይኑን ማትረፍ አልቻልኩም፤ አውጥቼዋለሁ» አለችኝ። ከስድስት ቀን በፊት ቢሆን ኖሮ የሚለውን አልተናገረችም። ሒሳቡን እዚያው በሙሉ ከፈልኩ፤ ምክንያቱም ገንዘቡ ነበረኝ። ለሰባኛ ዓመት ልደቴ ድንኳንና ወንበር ልከራይበት ያስቀመጥኩት ነው። በመጀመሪያውም ቀን ገንዘቡ ነበረኝ።

፬ኛ. በዚያው ዕለት፣ ትሺፒ ገና ከማደንዘዣው ሳይነቃ፣ በስልኬ ስለላካችሁት መልእክት አመሰግናለሁ። «ውድ ትሺፒ፣ እንኳን ለስድስተኛ ዓመትህ አደረሰህ፤ መጪው ዘመን በጎ በጎውን የምታይበት ይሁንልህ» ይላል። አነበብኩለት። ጅራቱን አላወዛወዘም፤ ነገር ግን ይህን እንደ ውለታ ቢስነት እንዳትቆጥሩበት አደራ እላለሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ዕድሜው ስለገፋ ወርሃዊ ክፍያው ከፍ ማለቱን አስታውቃችሁኛል፤ ለዚህኛው ምንም ተጨማሪ ሰነድ አላስፈለገም።

አሁን የሠፈሩ ሰው በመንገድ ያስቆመኝና የውሻ መድን ይረባ እንደሆነ ይጠይቀኛል። ሐሰት መናገር ከእንግዲህ ስለማይሆንልኝ እንዲህ እላለሁ፦ የማ ቦንትሌ የእህት ልጅ ድመቷን መኪና ገጭቶባት ይኸው ድርጅት ወጪውን በሁለት ሳምንት ከፍሏታል፤ ስለዚህ አይረባም ልል አልችልም። ማ ቦንትሌ ግን የራሷ ሐሳብ አላት።

«የእኛ እድር ሰው ሲሞት በዚያው ቀን ገንዘቡን ያመጣል፤ የሟቹን ፎቶ ግን ዓይኑን ገልጣችሁ አንሱት አይልም» አለችኝ። ከዚያ የፊቴን መለወጥ አይታ፣ «ተው እንግዲህ፣ አንተን አላልኩም» አለች።

እኔን ነበር ማለት የነበረባት። መድን ገንዘብ ይመልስ እንደሆነ እንጂ ስለ ሰው አይወስንም። እኔ ግን አሥራ አንድ ገጽ ወረቀት እስኪመለስ ድረስ ውሳኔውንም፣ ርኅራኄውንም ለእናንተ አስረክቤ፣ እልሄን ብቻ ይዤ ቁጭ ብዬ ነበር።

ስፌቱ በሚታይበት ቀን ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ሽማግሌና አንድ ፍየል ነበሩ። ዶክተር ኬፉዌ በሩን ስትከፍት ከመቀመጫዬ ተነስቼ፣ እነሱ እየሰሙ፣ «ያኔ በሰልፍ ላይ ያዋረድኩሽ ትክክል አልነበረም፤ ባለፈው የጠየቅሁሽም ነውር ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

«መምህር፣ ሰው እየጠበቀ ነው፤ ይግቡ» አለችኝ።

ከውስጥ፣ ክሩን እየመዘዘች፣ ቀና ሳትል ተናገረች። «ያኔ አባቴ ከማዕድኑ ሥራ ተቀንሶ ቤት ዋለ። ሠላሳ ስምንቷን ይዤ መግባት ፈራሁ።» አንድ ክር መዘዘች። «እርስዎስ ምን ፈርተው ነው?»

ትሺፒ በቀረው ዓይኑ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያይ ነበር። አሁን ከቀኝ በኩል ስጠጋው ስለሚደነግጥ፣ ገና ከሩቅ እያወራሁ መቅረብ ለምጃለሁ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ገንዘቡን አልጠይቅም፤ ውሉንም ከዚህ ወር ጀምሮ አቋርጫለሁ። በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ስለ አካል ጥንድነት፣ ስለ ፎቶግራፍ ጥራትና ስለ ራሴ ጠባይ ላስተማራችሁኝ ሁሉ፣ በተለይም ለመጨረሻው፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ አመሰግናለሁ። ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ለጥያቄዎቻችሁም ሁሉ የጠሩ ፎቶግራፎች እየተመኘሁ፣ የቀድሞው ታማኝ ከፋያችሁ፣

ኤፍሬም ሞጎሮሲ
ጋለሼዌ፣ ኪምበርሊ

ማስታወሻ፦ በሁለተኛው ቀን ስደውል ስልኩን ያነሳው ሉንጊሎ የሚባል ወጣት ሠራተኛችሁ ነበር። የሆነውን ከሰማ በኋላ ድምፁን ቀንሶ፣ «አባባ፣ እንዲህ እንድል አልተፈቀደልኝም፤ ግን እኛን አይጠብቁ፣ ዛሬውኑ ያሠሩለት» አለኝ። እኔ ገንዘቤን ሊያስቀርብኝ የፈለገ መስሎኝ ስሙን ጠየቅሁና፣ በንግግሩ እንዳዋረደኝ አድርጌ የቅሬታ ደብዳቤ ጻፍኩበት። ማምሻውን «ቅሬታዎ ተገቢ ሆኖ በመገኘቱ ሠራተኛው ከሥራው ተሰናብቷል» የሚል መልስ ላካችሁልኝ። እባክዎ ወደ ሥራው ይመልሱት። ቅጽ ሳታስሞሉ፣ ፎቶ ሳትጠይቁ፣ በዚያው ቀን ያጸደቃችሁልኝ ብቸኛ ጥያቄ ያ ቅሬታ ነው፤ እሱም ውሸት ነበር።