መርሳ ላይ የተነሣው የጀልባ ሞተር

ይድረስ ለወንድሜ ለሮቤል፤ ባለህበት ሻርጃ።

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ጀልባ ውስጥ ተጣጥፈህ ሞተር ስትጠግን ትውላለህ? ስልክ ተቋርጦ በከረመባቸው ወራት ስለ እኛ ስንት ነገር አስበህ ይሆን? እኛ አምላክ ይመስገን ሁላችንም በሕይወት አለን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። አባባም ዓይናቸው ደከመ እንጂ ደህና ናቸው። እኔም አለሁ።

ስልኩ ከተመለሰ ወዲህ ለምን ደብዳቤ እንደጻፍሁ ይገርምህ ይሆናል። ስልኩ ያለው አባባ ኪስ ውስጥ ነው። አንተ ስትደውል ድምፁን ከፍተው ለሰፈሩ ሁሉ ያሰሙታል፤ እኔ የምለውን ደግሞ ከጎኔ ቆመው ያዳምጣሉ። ስለዚህ የጎረቤታችን ልጅ ፍሬሰላም ለሥራ ወደዚያ ስለምትመጣ ይህን በእጇ ላክሁልህ።

ነገሬ ስለ ሞተሩ ነው። ከጦርነቱ በፊት የላክኸው፣ ያ የእሽቅድድም ጀልባ ሞተር። መርሳ ሲደርስ ሰው ባሕሩንስ መቼ ይልክልናል እያለ ሲስቅብን እንደነበር ነግሬሃለሁ። እኔም አብሬ ስቄአለሁ። ወልዲያ ወስጄ ከፓምፕ ጋር ያስበየድሁት፣ ማቀዝቀዣውን ከወንዙ በጎማ ቱቦ ያገናኘሁት ግን እኔ ነኝ። አባባ ይህን ሲያወሩ ሰምተህ ታውቃለህ? አልሰማህም።

ገና አስነሥተን ሳንሞክረው ጦርነቱ ሐብሩ ገባ፤ አባባና ሴቶቹ ቤት ቀርተው እኛ ወንዶቹ ከውርጌሳ በላይ ወዳሉት ዘመዶቻችን ሸሸን። ታኅሣሥ ላይ ስመለስ የጋራዤ በር ተነቅሏል፤ የመፍቻ ሣጥኔ የለም፤ የሰፈሩ ፓምፖች በሙሉ ተጭነው ሄደዋል። አባባ ደጃፍ ላይ አግኝተውኝ አቅፈው ሳሙኝ። ቀጥሎ ከአፋቸው የወጣው ግን የሮቤልን ሞተር አትርፌዋለሁ የሚል ነበር። ከብርቱካኑ ሥር ጉድጓድ ቆፍረው፣ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ገለባ ከምረውበት ቀብረውታል፤ በዚያ ዕድሜያቸው! የእኔን የመፍቻ ሣጥን ስሸሽ እዚያው ቤታቸው በረንዳ ላይ ትቼው ነበር፤ ጉድጓዱም ለሁለቱ ይበቃ ነበር። ለምን አብረው አልቀበሩልኝም ብላቸው፣ አላሰብሁትም አሉኝ። ሮቤል፣ አላሰብሁትም ነው ያሉኝ።

ሞተሩን አውጥተን ወንዙ ዳር ተከልነው። የእኛም፣ ከአጥራችን ማዶ ያለው የዑስማንም ብርቱካን ቅጠሉ መጠቅለል ጀምሯል። ሞተሩ ግን ይነሣና ጥቁር ጭስ ተፍቶ ይታነቃል። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ስፈታው በቤንዚን ርሶ ጥላሸት ለብሷል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። አንተ ያስተካከልኸው ለባሕር ጠረፍ አየር ነው። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፤ ጀልባዋ በሙሉ ኃይል ስትፈተለክም ፒስቶኑ እንዳይቃጠል ቤንዚኑ ጨመር ይደረጋል። ለቦታው ጥሩ አድርገህ ነው ያስተካከልኸው፤ ይህን ስጽፍልህ ጥርሴን ነክሼ ነው። መርሳ ግን ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው፤ ያ ሁሉ ቤንዚን የሚያነድደው አየር አጣ። የቤንዚኑን መጠን የሚወስነውን ቪቴ ትንሽ ማጥበቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

አንተ ግን ቪቴው ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርገህ፣ ማንም እንዳይነካው ብለሃል። አባባ እንደ መሐላ ያዙት። ካቻቢቴ ይዤ ስጠጋ፣ ሮቤል ያሰረውን አንተ ልትፈታው ነው? አሉኝ። ቤንዚኑ ነው መጥፎው፣ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጡት ላምባ ቀላቅለውበት ነው አሉ። ስለ አየሩ ባስረዳቸው፣ አየር የትም አየር ነው አሉ። ከሲሪንቃ ድረስ ሰው ሞተሩን ጭኖ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ በገዛ አባቴ ፊት ግን አንድ ቪቴ ለመንካት አልበቃሁም። ዛፎቹ እየጠወለጉ እኔ ካቻቢቴ ኪሴ ከትቼ ተቀመጥሁ። ቀናሁብህ፤ ምን ብዬ ልደብቅህ።

የኪዳነ ምሕረት ዕለት አባባ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ወንዙ ዳር ወረድሁ። ዑስማንም እዚያው ነበር፤ ወላሂ ዛሬ ካልተነሣ ዛፌን ለማገዶ እቆርጠዋለሁ አለኝ። ካንዴላውን ጠርጌ መለስሁ፤ አስነሥቼ እስኪሞቅ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ቪቴውን በጥቂት በጥቂቱ እያጠበቅሁ አዳመጥሁ። ማንኮራፋቱን ተወ፤ ጭሱም ሳሳ። ትንሽ ሳልፍ ድምፁ ቀጥኖ ሊጠፋ አለ፤ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው፤ መለስ አደረግሁለት። ያን ጊዜ ድምፁ ሞላ፤ ውሃውም ቱቦውን ወጥሮ ወጣ። ቆየት ብዬ አጥፍቼ ካንዴላውን ሳየው እንደ ደንቡ ደርቆ የተቆላ ገብስ መስሏል። ዑስማን አልሐምዱሊላህ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። እንደገና አስነሣሁትና አባባ እስኪመጡ ጠበቅሁ።

መጡ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ ድምፁን ከመንገድ ሰምተው እየተጣደፉ መጡ። ሞተሩን በእጃቸው ዳበስ አድርገው፣ የሮቤል እጅ እኮ ነው፤ አገሩን እስኪለምድ ነበር! አሉ። እኔ ነኝ ያስተካከልሁት አልኋቸው። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ወንድምህ አይደለም እንዴ፣ አትቅና አሉኝ። ዑስማን ቢመሰክርልኝ፣ አንተማ ጓደኛው ነህ ብለው ሳቁበት። ቀዩ ምልክት ከቦታው መዛነፉን ላሳያቸው ብል ዓይናቸው አላይ አለ።

ይኸው አሁን ብርቱካኑ ለምልሟል። ሰው ሁሉ የሮቤል ሞተር እያለ ሊያየው ይመጣል። ባለቤቴ ውባለም፣ ውሃው ከደረሰ ስሙ ምን ያደርግልሃል ትለኛለች። ብዙ ያደርግልኛል።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ይህ ከደረሰህ በኋላ እሑድ ስትደውል፣ ድምፁን ከፍተው ሰው ፊት ባስቀመጡት ጊዜ፣ ሞተሩን ያስነሣው አንዳርጋቸው ነው በላቸው። ቪቴውን ንካው ብዬው ነበር ብለህ ግን እንዳታቃልለው፤ አላልኸኝምና። ከእኔ አፍ ሲወጣ ቅናት ነው ይላሉ። ቅናትም ነው፤ እውነትም ነው። አንተ ስትለው ግን እውነቱ ብቻ ይሰማቸዋል።

እማዬ በዓይኔ ሳላየው እንዳልሞት በልልኝ ብላሃለች። ውባለም ናፍቆቷን ልካለች። ልጄ ሜላት፣ አጎቴ ባሕሩን ያሳየኝ ትላለች። ዑስማንም ሰላም ብሎሃል፤ ብርቱካኑ ሲደርስ ድርሻህን እንደሚበላልህ ንገርልኝ አለ። የአባባን ሰላምታ አልጻፍሁም፤ ደብዳቤውን አያውቁም። ሰላምታቸው እንደሁ እኔ ባልጽፈውም ይደርስሃል።

ወንድምህ አንዳርጋቸው
መርሳ፣ ሐብሩ ወረዳ
የካቲት 25 ቀን 2014 ዓ.ም.