ዱርዬው ሎሚን ለምን ያሳድዳታል?

የካቲት 12፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡40

ሱቅ ከፈትኩ። ማሽኑን ዘይት ቀባሁ። ዓሦቹን አየሁ፤ የሎሚ ጅራት ዛሬም ተቦጭቋል። ይሄ ዱርዬ! ሰማያዊ ሐር የለበሰ ዱርዬ! ጉንጩን ነፍቶ ጥግ ላይ አስጠግቷታል። እሷ ብጫ፣ ትንሽዬ፣ ማጣሪያው ሥር ተወሽቃለች።

ደብተርዬ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልንገር። አኳሪየሙን ከአንድ የተዘጋ ካፌ ስገዛው ዓሦቹ አራት ነበሩ። ሁለቱን ቀብሬያለሁ። ዛሬ ሐጂ ሰዒድ ቁርጡን ነገሩኝ። (ሱቁ በስማቸው ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ተጋርተነዋል። እኔ መጋረጃ እሰፋለሁ፣ እሳቸው ክርና ቁልፍ ይሸጣሉ። ከዚህ በኋላ ሐ. ብቻ ነው የምላቸው፣ እጄን ደከመኝ።) ጠብ ያለበት ቤት በረካ የለውም አሉ። እስከ ዒድ ዋዜማ ሰላም ካልወረደ ገንዳው ይውጣ፤ ቦታውንም ለዒድ ዕቃ ይፈልጉታል። እሺ አልኩ፣ በትህትና።

በሆዴ ግን፦ እነሱ ከወጡ እኔም እወጣለሁ። እልኸኛ ነኝ፣ ታውቂኛለሽ። ጭድ ተራ አካባቢ የሚከራይ ሱቅ አለ፤ ባለቤቱን ዛሬውኑ አናገርኩት።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ፣ 5 ሰዓት

ተገኘ! እልልልል!

ጨርቅ ልለካ ጎንበስ ስል ዱርዬው ክንፉን ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ የገንዳውን መስታወት በግንባሩ ይመታል። ወዴት ነው የሚያየው ብዬ ዞር አልኩ። ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቁን መስታወት! እዚያ ውስጥ አንድ ሰማያዊ ወንድ አለ፣ ልክ የሱን የሚያህል፣ ሲቆጣው የሚቆጣ፣ የማይሸሽ። ጠዋት ማታ ከራሱ ጋር ሲደባደብ ኖሯል ምስኪን። ያኛው አልያዝ ሲለው ዞሮ ንዴቱን ሎሚ ላይ ይወጣል።

መስታወቱን ሱቁ ሰፊ እንዲመስል ብለው ያሰቀሉት ማን ሆኑና? ሐ. ራሳቸው!

ቁራጭ መጋረጃ ሰቀልኩበት። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ክንፉ ተሰበሰበ። ለሐ. ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። መርካቶ ከራሱ ጋር የሚጣላ ሞልቷል፣ ለሁሉም ከየት መጋረጃ ታመጪለታለሽ አሉኝ።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ፣ 4፡15

ጉድ እዪ ደብተርዬ። ዱርዬው ይጨፍራል!

ጠዋት አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ክብ፣ ጽድት ያለ። ቀለሙ ደመቀ። ከዚያ ሎሚ ፊት ሄዶ ጎኑን ሰጥቶ ይንዘፈዘፋል። ትከሻ የሌለው እስክስታ! ወደ ጉድጓዱ ይመራታል፤ ካልመጣች ተመልሶ ይለምናታል። ትኮራለች። ደግሞ ትከተላለች።

አሁን ነው የገባኝ። ሲጣላ ፊት ለፊት ይመጣል፣ አፉን ከፍቶ። ሲለማመጥ ጎኑን ይሰጣል፣ እየመራ ይሄዳል። እኔ ሁለቱንም ድብድብ ነው ብዬ ስንት ቀን በማስመሪያ ገንዳውን እየመታሁ አስደነገጥኩት! ለሽምግልና የመጣን ሰው በዱላ ማባረር ማለት እኮ ነው። ይቅር በለኝ አልኩት፣ ጮክ ብዬ።

ልክ ሁለቱ ጉድጓዱ ላይ መዞር ሲጀምሩ የአሥራ ሁለት ሜትር ደንበኛ መጣች። ለክቼ፣ ቆርጬ፣ ሸኝቼ ስመለስ ሁሉም አልቋል። ሎሚ ጥግ ይዛለች። ምን እንደሆኑ አላየሁም። ተቃጠልኩ!

ሐ. ደሴ ላይ ኒካህ ያሰሩ ቀን እሳቸውም እንደዚህ ተንቀጥቅጠው እንደነበር ነገሩኝ። ደስ ሲሉ።

የካቲት 20፣ ዓርብ፣ ምሽት 1፡30

ሎሚ መብላት ትታለች። ሦስት ቀኗ። ሐ. ይጾማሉ፣ እኔ እጾማለሁ፣ እሷም። በዚህ ሱቅ የሚበላው ዱርዬው ብቻ ነው። ሐ. የየትኛው ወገን ናት፣ የረመዳን ወይስ የሁዳዴ ብለው ጠየቁ። እንፈትናት ተባባልን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ ምግብ ጣልኩላት፤ እንቢ። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ላይ ሐ. ጣሉላት፤ እንቢ። ሳቅን። 

ዱርዬው ደግሞ ማሳደዱን ጀምሯል። ነጭ ወንፊት የመሰለ ቱል ቆርጬ፣ በሽቦ ወጥሬ፣ ገንዳውን ለሁለት ከፈልኩት። ለዓሣ መጋረጃ ሰፋሁ፣ በይ።

የካቲት 27፣ ዓርብ፣ 7 ሰዓት

የሎሚ አገጭ አብጧል። እትዬ አሰለፈች (ከጎን ኮፍያ የሚሸጡት፣ የጎንደር ሰው፣ የበረንዳው ሁሉ ሐኪም) ገና ከበር ሆነው፣ ጆሮ ደግፍ ነው! አሉ። መድኃኒቱ ፌጦ ነው አሉ። ኧረ እትዬ፣ ዓሣ ጆሮ የላትም አልኳቸው። ተቀየሙኝ።

ግን ፈርቻለሁ። ትሞትብኛለች። የገንዳውን ነገር ተዪው፣ እሷኑ ወድጃታለሁ። ሐ. ከሶላት በኋላ ገንዳው አጠገብ ቆመው ዱዓ አደረጉ። ሳያቸው ለዝናብ ነው አሉኝ።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ፣ 6 ሰዓት

እጄ ገና እርጥብ ነው፣ ጽሑፌን ተዪው።

ፌጦውን ጨመርኩት። እኔው! ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳትበላ እያየሁ አንጀቴ አልቻለም። የተፈጨ፣ አንድ ማንኪያ። ውሃው ወዲያው ደፍርሶ ተዝለገለገ፣ አጥሚት ሆነ። ዱርዬው ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይጎርሳል። ጮህኩ! ሐ. ከጠዋት ጀምሮ ለሶላት መታጠቢያ፣ ለውዱእ ያስቀመጡትን ባልዲ ውሃ ይዘው ሮጡ፣ በሰባ ዓመታቸው። ዱርዬውን በእጄ አፍሼ ከተትኩት። ሎሚን በሻይ ማጥለያ አወጣኋት። ባልዲው ውስጥ ልለቃት ስል አፏን ከፈተች...

ልጆች! ደብተርዬ፣ ልጆች! ከአፏ ውስጥ! የጤፍ ቅንጣት የሚያካክሉ፣ ዓይን ብቻ የሆኑ፣ እየዋኙ! አልታመመችም። አልጾመችም። ልጆቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የማትበላው!

ዱርዬውን ቶሎ ብዬ ወደ ጀሪካን አዛወርኩት፣ እንዳይውጣቸው። ሐ. ሱብሓነላህ እያሉ ቆጠሩ፤ አሥራ ስምንት። እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት፤ በረንዳው በሙሉ መጣ። እትዬ አሰለፈች በሰው መሐል ገብተው፣ አላልኩም? ፌጦው አወጣላት! አሉ። ማን ይከራከራቸዋል።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ፣ 8 ሰዓት

ቀጠሮው ዛሬ ነው። ጨረቃ ከታየች ነገ ዒድ። ሰላም? የለም። ገንዳው ታጥቦ ሁሉም ተመልሰዋል፤ ዱርዬው ግን በቱሉ ላይ እየተጋጨ ይፎክራል፣ ሎሚም አሁን እናት ናትና መልስ ትሰጠዋለች። ቃሌ ቃል ነው። ሐ. ለዙሁር ሶላት እንደወጡ ተሸካሚ ጠራሁ፣ ጀሪካን ደረደርኩ። የስንብት ንግግሬንም አጥንቻለሁ፤ ኩራት ያለው፣ እንባ የሌለው።

ሰውየው ገንዳውን ሊያቅፍ እጁን ሲዘረጋ ሐ. ደረሱ። ዘጠኝ ዓመት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። ዛሬ ጮሁ። ማን ንካ አለህ? አሉት። ሰውየው ወደኔ ጠቆመ። ሰላም እኮ አልወረደም ሐጂ፣ እርስዎ ነዎት ያሉት፣ አልኩ። 

ገንዳውን አዩ። እኔን አዩ።

"ልጄ፣ እኔ ስምንት ልጅ ያሳደግኩት ዝም ባለ ቤት መሰለሽ?"

ንግግሩ ቀረ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ደግሞ ሳቅሁ። እሳቸው የቁልፍ ካርቶኖቻቸውን ከፊት መደርደሪያ ላይ እያወረዱ ለተሸካሚው ያቀብሉታል። የዒዱ ዕቃ የት ይገባል ስላቸው እኔ እንጃ አሉ። ዱርዬው የራሱ ቤት ያስፈልገዋል፣ ወንድ ልጅ ሲጎረምስ ይወጣል አሉ። ለጭድ ተራው ሰውዬ ደውዬ ይቅርብኝ አልኩት።

ይኸው ተወሰነ። በዘጠኝ ዓመት ሰኞ ዘግተን አናውቅም። የፊታችን ሰኞ ሱቁ እስከ እኩለ ቀን ዝግ ነው። ሁለተኛ ገንዳ ልንገዛ እንሄዳለን፣ እኔና ሐጂ ሰዒድ።