ማሲንቆው ሳይገባ

ይድረስ ለእህቴ ለጌጥነሽ የሽዋስ፣
ኩዌት

እትዬ ጌጤ፣ እንደምን ከርመሻል? ባለፈው በስልክ ራሴን ያዞረኛል ያልሽው ተወሽ ወይ? ጉልበትሽስ ያን ሁሉ ደረጃ እንዴት ይዞታል? የምታስታምሚያቸው አሮጊትስ እንዴት ናቸው፣ አሁንም ከጌጥነሽ እጅ ካልሆነ አልጎርስም እንዳሉ ናቸው? አንቺስ ደኅና ትበያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ሰውን አጥግበሽ ራስሽ በሻይ ትውያለሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም በጤና አለን። ትርሲት ደኅና ናት። ልጆቹ ይታገሱና ያምሮትም ደኅና ናቸው፣ ቁመታቸው ግን ልብስ አላበረክት ብሎናል። ከአንቺ መራቅ በቀር ይህ ነው የሚባል ችግር የለብንም፤ የበርበሬን ዋጋ ካነሣሁብሽ ግን ወረቀቱ አይበቃኝምና ልለፈው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስጻፈው ብለሽ መገረምሽ አይቀርም። በስልክ ብነግርሽ አንቺ ስትስቂ እኔ ሆዴ ሲባባ ነገሩ ከመሃል ሳይደርስ ይቋረጥብናል። ደግሞ ጉዳዩ የእናታችን ነውና ሥራሽን ጨርሰሽ፣ ክፍልሽን ዘግተሽ፣ ረጋ ብለሽ እንድታነቢው ፈለግሁ። የቡሬዋ አይናለም ፈቃዷን ጨርሳ ወደዚያው ልትመለስ ነው፤ ከሽሮውና ከበርበሬው ጋር ይህንንም አሲዣታለሁ። ሽሮው ላይ ነጭ ሽንኩርቱን ያበዛችው ትርሲት ናት፣ እኔን እንዳትወቅሺ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቅምት ላይ ሱቄ ተቀምጬ የአንድ መምህር ስልክ ፈትቼ ስጠግን፣ ትልቅ ቦርሳ ያዘለ ወጣት ከባጃጅ ወርዶ በሩ ላይ ቆመ። ግድግዳውን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ወለሉን አየ። የማዘጋጃ ቤት ሰው መስሎኝ የንግድ ፈቃዴ ወደ ተሰቀለበት በአገጬ አመለከትሁት። እሱ ግን የላህ ድምፅ ሙዚቃ ቤት የት ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ቆመህበታል አልሁት። ይኼኔ ቦርሳውን ቀስ ብሎ አወረደና ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የአቶ የሽዋስ ልጅ ነህ ወይ አለኝ። የአባባን ስም ከማላውቀው ሰው አፍ ስሰማ መፍቻዬን አስቀምጬ ወንበር ሳብሁለት።

ልጁ ሃይለ ሚካኤል ይባላል፣ የአዲስ አበባ ሰው ነው። የድሮ ካሴት እየዞረ ይሰበስባል፤ እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ባገርም በውጭም ሞልተዋል አለኝ። እኔም አንቺ አሁን እንደምትስቂው ሳቅሁ። ለካ የአባባን ካሴቶች በኢንተርኔት ሲሻሙባቸው ኖረዋል። ያ ሰው ሁሉ ያፌዝበት የነበረው የሳሙና ካርቶን ሽፋን አሁን ዋነኛ ውበቱ ሆኗል። አባባ ከበረባሶ ሶል ቀርጾ የሠራትን ማኅተም በፎቶ አጉልተው አንስተው ሲከራከሩባት በስልኩ አሳየኝ። ሐምራዊው ማኅተም ከቀዩ ይበልጥ ይፈለጋል፣ ምስጢሩ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ቀዩ ቀለም አልቆበት ነው ብዬ ብነግረው ድምፄን ሊቀዳ ስልኩን አውጥቶ እስቲ እንደገና በልልኝ አለኝ።

እዚሁ አልቤርጎ ይዞ ሰነበተና ስለ አባባ ሥራ ሲጠይቀኝ ባጀ። አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታስታውሺዋለሽ፤ እኔ ግን ለእንግዳ ስናገረው ነው ነገሩ ትልቅ ሥራ እንደነበረ የገባኝ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ካሴት ባለ ቀለም ፎቶ ነበረው፣ ዋጋው ግን ለገጠር ሰው የሚቀመስ አልነበረም። አባባ በሰባዎቹ መጨረሻ ያችን ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ገዝቶ፣ ገበሬው ጨውና ጋዙን ሸምቶ በሚተርፈው ሙዚቃ ይግዛ ብሎ ተነሣ። ጓዳችንን በጋቢና በደበሎ ሸፍኖ ማሲንቆ መቺውን እዚያ ያስገባና ይቀዳል። ዶሮዎቹን ማስወጣት ግን ሆኖለት አያውቅም፤ ሃይለ ሚካኤል እንደነገረኝ በአራተኛው ካሴት ላይ አውራ ዶሮአችን የሚጮኽበት ቦታ ከዘፈኑ ይበልጥ የታወቀ ነው። ያን አውራ ዶሮ ለፋሲካ እንዳረድነው ስነግረው ከልቡ አዘነ።

ቅያሪውንም ነገርሁት። አባባ ማንኩሳና ደምበጫ ገበያ በሚወርድበት ቀን ያረጀ ካሴት ላመጣለት ሰው በላዩ አዲስ ዘፈን ቀድቶ በቅናሽ ይመልስለት አልነበር? ዛሬ ካሴቶቹ እንደ ዕንቁ የተወደዱት በዚሁ የተነሣ ነው። አንዱ ዘፈን በሌላው ላይ እየተቀዳ አብዛኛው በሕይወት የለም። የድሃ ካሴት እያሉ ሲስቁበት አንገቱን ደፍቶ ካርቶኑን የሚቆርጠው አባባ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር እያልሁ ሰሞኑን እንቅልፍ የለኝም።

ትልቁን ጉድ ደግሞ ስሚ። አባባ ካሴቱን አንድ በአንድ ነበር የሚቀዳው። ገዢው ፊቱ ቆሞ ሳለ ማይክራፎኑን ያነሣና ስሙን ይጠራለታል፣ ይህ የእገሌ ነው፣ ከነቤተሰቡ በጤና ይስማው ብሎ ይመርቅለታል፤ ከዚያ ማሲንቆው ይገባል። ሃይለ ሚካኤል ይህን የእኛን ወግ ከየት ይወቀው? ያገኛቸውን ካሴቶች ሁሉ መጀመሪያ ላይ በተጠራው ስም መዝግቧቸው ኖሮ፣ አንዱን ማሲንቆ መቺ ስምንት ዘፋኝ አድርጎት ነበር። ከስምንቱ አንጋፋው የማንኩሳው ባንተአምላክ መሆናቸው ነው። ወስጄ አገናኘሁት። ድምፅዎን ፈልጌ ከአዲስ አበባ ድረስ መጣሁ ቢላቸው፣ ሽማግሌው ደንግጠው፣ እኔ በሠርጌ ለት እንኳ አፌን አልከፈትሁ፣ ሚስቴ ትመስክር አሉ። ልጁ ፊቱ ቀልቶ ስሞቹን ሲሰርዝ እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ።

ባንተአምላክ ግን ካሴታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከሣጥን አወጡልን። ሃይለ ሚካኤል በያዘው መጫወቻ ቢከፍተው አባባ ተናገረ። ያች ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን የሚጠርጋት ነገር ሳትቀር አለች። አለቀስሁ እትዬ፣ ሰው ፊት ነው ብዬም አላፈርሁ። ከቀበርነው ወዲህ ድምፁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አንቺ ለቀብሩ ሳትደርሺ መቅረትሽም ያን ሰዓት ትዝ አለኝና ይበልጥ ባሰብኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ሃይለ ሚካኤል የላህ ድምፅን ካሴቶች አጥርቶ፣ የአባባን ስም ከላይ ጽፎ፣ በአዲስ መልክ ሊያወጣቸው ይፈልጋል። ከየቁጥሩ አንዳንድ ቅጂ አግኝቷል፣ የጠፋችው ሰባተኛዋ ብቻ ናት። የትኛዋ እንደሆነች አንቺን አይጠፋሽም፤ እናታችን ገና ወይኒቱ ሳለች፣ በወጣትነቷ፣ በአንዱ ገጽ በአማርኛ፣ በሌላው በአባቶቿ ቋንቋ በአገውኛ የዘፈነችባት ናት። አባባ ሞቶ ቆብ የጫነች ሰሞን እቤት የነበሩትን ሁሉ ሰብስባ በላያቸው ስብከት ቅዳባቸው ብላኝ ቀድቼባቸዋለሁ። ገጠር የነበሩትንም ቅያሪው በልቷቸዋል። የቀረችው ያንቺዋ ናት፣ እሷው ዘፈን ይዘሽ እንዳትሄጂ ብላሽ ሳለ ከሹራብሽ ውስጥ ሸሽገሽ የወሰድሻት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ዘፈኑ እንዲወጣ እፈልጋለሁ። ልጆቼ የአያታቸውን ድምፅ ያን ጊዜ እንደነበረው ቢሰሙት እንዴት ደስ ባለኝ! ግን ዓለምን የተወች እናቴን በስተርጅና በዘፈን አሳዝኜ ደግሞ እህል አይወርድልኝም። ስለዚህ ካሴቷ አንቺ ዘንድ እንዳለች ለልጁ ሳልነግር፣ እስቲ ታገሠኝ ብዬው ወደ እማሆይ ሄድሁ።

እናቴን እማሆይ፣ እርስዎ እያሉ መጥራት አሁንም ምላሴን ያደናቅፈኛል፣ ግን ለምጄዋለሁ። ከደብሩ አጥር ሥር ጎጇቸው ደጃፍ ተቀምጠው የመገበሪያ ስንዴ ይለቅሙ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጣታቸው ግን እንክርዳድ አይስትም። ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ነገርኋቸው። ቀና ሳይሉ ሰምተውኝ፣ ወይኒቱ እኮ ሞታለች አሉ። ቆብ ስጭን ፍትሐት ተፈትቶላታል፣ አንተም እዚያው ቆመህ አልቅሰሃል፤ የሟች ንብረት ከወራሽ ይጠየቃል እንጂ መነኩሴ ምን አግብቷት፤ ወራሾቿ አንተና ጌጥነሽ ናችሁ፣ እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ ብለው ስንዴያቸውን መልቀም ቀጠሉ። ልሳቅ ወይስ ልደንግጥ? እሺ ይሁን እምቢ፣ እዚሁ ተወልጄ አድጌ የራሴ እናት ንግግር ጠፋኝ።

ካሴቷ እኮ አገር ውስጥ የለችም ብዬ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ፣ አውቃለሁ፣ ጌጥነሽ ዘንድ ናት አሉኝ። ሻንጣዋን ያሰርሁት እኔ አይደለሁ? ሹራቡ ውስጥ ስትንኳኳ ሰምቼ፣ መንገድ ላይ እንዳትሰበርባት በነጠላዬ ቁራጭ ደግሜ ጠቀለልኋት አሉ። እትዬ፣ ኩዌት ገብተሽ ሻንጣሽን ስትፈቺ ያች ቁራጭ ጨርቅ ከየት መጣች ብለሽ አልጠየቅሽም?

ከዚያ እጃቸው ቆመ። በዘፈኑ መጥፋት አልቆጭም አሉ። ነገር ግን ያን ቀን ዘፈኔን አጠፋሁ ብዬ የአባትህን ድምፅ አብሬ አጠፋሁት፤ በየካሴቱ ራስ ላይ እሱ እንዳለ ዘንግቼው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያልጸለይሁበት ቀን የለም አሉ። የባንተአምላክን ቀድቼ ይዤ መጥቻለሁ፣ ላሰማዎ ብዬ ስልኬን ባወጣ፣ የባንተአምላክን ስም ሲጠራ ምን ሊረባኝ ብለው እጄን መለሱት። የሚፈልጉት ያንቺን ነው፤ ይህ የልጄ የጌጥነሽ ነው፣ በሄደችበት ሁሉ ይቅናት የሚለውን። መናገር ዘፈን አይደለም፣ እሱን ጠይቄያለሁ አሉ። ማንን እንደጠየቁ አልነገሩኝም።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህን ነው። ዐቢይ ጾም ከገባ እሺ አይሉምና በቅበላው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስልኬን ይዤ እሳቸው ዘንድ እገኛለሁ። አንቺ ወጥ ቤት አለ ያልሽኝን አሮጌ ቴፕ አዘጋጂና ደውይልን። ካሴቷን ከመጀመሪያዋ ክፈቻት፣ አባባ ተናግሮ እንደጨረሰም ማሲንቆው ሳይገባ አጥፊያት። በመካከላቸው ያለችው አንዲት ትንፋሽ ብቻ ናትና ጣትሽን ከማጥፊያው ላይ እንዳታነሺ። የሃይለ ሚካኤልን ነገር ደግሞ አስቢበት። እኔ ይሁን ብያለሁ፣ አንቺ ግን እምቢ ካልሽ አንድ ቃል አልመልስም፤ ካሴቷም ስሙም ያንቺ ነው።

ትርሲት በጣም ናፍቃሻለች፣ ለሽሮው ምስጋናሽን እየጠበቀች ነው። ይታገሱ ትምህርቱን በርትቷል፣ አክስቴን ሳሙልኝ ይላል። ያምሮት የላክሽላትን ቀሚስ ለጥምቀት ለብሳ ከታቦቱ ይበልጥ ሰው እንዲያያት ስትሽከረከር ውላለች፣ እሷም ትስምሻለች። ባንተአምላክም፣ እህቴ በዓረብ አገር ማሲንቆ ትሰማለች ብላቸው ደስ ብሏቸው መርቀውሻል። አብራሽ የምትሠራዋን አደይን ሰላም በይልኝ።

እማሆይን ተሰናብቼ አጥሩን ካለፍሁ በኋላ ጠርተው መለሱኝ። እግዚአብሔር ይጠብቃት፣ በጸሎቴ አልረሳትም በልልኝ ብለዋል። ደግሞ ማሲንቆው ሳይገባ አጥፊ ብዬ አጥብቄ እንዳዘዝኋት ንገራት፣ ማዘዜንም አንተ መስክር አሉኝ። እጇ ቢዘገይባት ግን እንዳትደነግጥ፤ ለንስሐ አባቷ ትናገር እንጂ እኔ አልቆጣትም፤ ጌጥነሽ ከልጅነቷም እጇ ቀርፋፋ ነው አሉ።

ወንድምሽ እንዳለው የሽዋስ
ፍኖተ ሰላም
ጥር 23 ቀን 2015 ዓ.ም.