በግማሽ ፍጥነት

ነቀምቴ፣ ጥር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

በአያና ጤና ጣቢያ ለምታገለግዪው ለልጄ ለሊሊሴ ይድረስ። አካም ጅርታ? እኔና እናትሽ፣ ጌታ ይመስገን፣ አለን።

በባሕር ኃይል ዘመኔ የምጽዋን ሙቀት፣ የመርከቡን ሞተር ጩኸት፣ የስደቱን ረሀብ አንድም ቀን ሳላማርር አሳልፌአለሁ። የጦር መርከባችን ከአሰብ በሸሸችበት ቀን አዛዡ «ሙሉ ፍጥነት!» ሲሉ፣ እኔ የነዳጁ ሹም ደብተሬን ገልጬ «በዚህ አካሄድ ጅዳ አንደርስም፤ በግማሹ ግን እንደርሳለን» አልኳቸው። ሰደቡኝ፤ ግን ቀነሱ። መርከብ በፈጠነ መጠን ለእያንዳንዱ ማይል የሚበላው ነዳጅ እጅግ ይበዛልና። ደረስን፤ ታንኩ ግን ባዶ ነበር።

አሁን ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ጊዜ አርፋለሁ። እናትሽ «የመርከቡ ሹም፣ ዛሬም ነዳጅ እየቆጠቡ ነው?» ብላ ትስቃለች። ሐኪሙ ለአዲስ አበባ ሆስፒታል የጻፈልኝን ወረቀት አላየችም፤ በዚያው በነዳጅ ደብተሬ መካከል አስቀምጬዋለሁ።

በግጭቱ የተዘጋው የአያና መንገድ ሳይከፈት ወደ እኛ ለመምጣት እንዳትነሺ። ሲከፈትም ሹፌሩን አታስቸኩዪው። እኔም አካሄዴን ቀንሼ እጠብቅሻለሁ።

ለባልደረቦችሽ ሁሉ አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ ጌታ በያለሽበት ይጠብቅሽ። የነዳጅ ደብተሬን፣ በመካከሉ ካለው ወረቀት ጋር፣ ለልጄ ለሊሊሴ አወርሳለሁ።

አባትሽ ቢራቱ