የሚያንጎራጉረው ቤዝ ተጫዋች

ለውድ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ መርፌ ላይ ክር ስታስገቢ የሚያለቅሰው ዓይንሽ ተሻለው ወይስ አሁንም መነጽሩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈሽ በግምት ትሰፊያለሽ? እማዬስ ጉልበቷ ቀለል አላት? ልጅሽስ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልሆንኩም። ዓርብ ዕለት ሥራ ቦታ ሁለት መቶ ሸሚዝ ስተኩስ ውዬ ትከሻዬ ዝሏል፤ ዛሬ ግን ብዕር ስይዝ ድካሙ ጠፋ። እንኳን ደስ ያለሽ! አዎ፣ አንቺን ነው። መቀሱን አስቀምጪና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ስለ ጃዝ አፍቃሪዎቹ ማኅበራችን ጽፌልሽ ነበር። ዘጠኝ ነን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአባላችን በሰዓት ሠሪው ጓዳ ተሰብስበን ሸክላ እንሰማለን፤ እሱም እንዳይረብሹን የግድግዳ ሰዓቶቹን አንድ በአንድ ያቆማቸዋል። በዓመት አንድ ጊዜ ጃዝ የሚወድ ሰው ሳይሰማቸው መቅረት የለበትም የምንላቸውን ሃያ አልበሞች እንመርጣለን። አንዱ አባላችን አታሚ ስለሆነ ዝርዝሩን በወፍራም ወረቀት ያትመዋል፣ በየሸክላ መሸጫው ይለጠፋል፣ ጀማሪውም አዋቂውም እሱን አይቶ ይገዛል። ከእያንዳንዱ አልበም ሥር የመራጩ ስም ይሰፍራል። ታዲያ እንዲህ በዋዛ አይገባም። መጀመሪያ አልበምሽን በቃልሽ ታስረጃለሽ፣ ከዚያ ሸክላው ይሰማል፣ ከዚያ እጅ ይወጣል። ሰባት እጅ ካላገኘሽ ወደቅሽ። ሦስት ጊዜ የወደቀ ከዚያ ወዲያ ሰሚ እንጂ መራጭ አይሆንም። እኔ ደግሞ ሁለቴ ወድቄያለሁ።

ዘንድሮ የአባዬን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያንን ማዕዘኑን አይጥ የበላውን ባለ ሰማያዊ ሽፋን ሸክላ አቀረብኩ። እንዴት አፌን ሞልቼ እንደተናገርኩ ብታዪ! ዜማው ዝግ ያለ ነው፣ ሐዘኑ አይቸኩልም አልኩ። አንቺ ሁሌ የምትይውንም ጨመርኩበት፤ ልብስ ሰፊዋ እኅቴ ቤዝ ተጫዋቹ እየተጫወተ ያንጎራጉራል ትላለች አልኩ። ይሄኔ «ማስረጃ» ብድግ አለ። ማስረጃ ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ቅጽል ስሙ የወጣለት ዝናብ ዘነበ ቢሉት እንኳ ወጥቶ ካልረጠበ ስለማያምን ነው። ይህን ሸክላ ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ የሚያንጎራጉር ሰው የለበትም ብሎ፣ የማቀርበውን ቀድሞ ሰምቶ ኖሮ፣ የራሱን ቅጂ ከቦርሳው አወጣ።

የእሱ ሸክላ ተከፈተ። እትዬ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! ያ የኛ ዝግተኛ ዜማ እንደተባረረ ዶሮ ይሮጣል። ጓዳው በሳቅ ፈረሰ። አባላችን የጥርስ ሐኪሟማ ዓይኗን እስክትጠርግ ሳቀች። ማንጎራጎር ቀርቶ የሚተነፍስ ሰው እንኳ አልሰማሁም። ኩምሽሽ አልኩ። አጎታችን «የስፌት መኪና ያደነቆረው ጆሮ» እያሉ ሲያበሽቁሽ ትዝ አለኝ። የራሴስ ውርደት ይሁን፣ አንቺን መሳቂያ ማድረጌ ነው አንጀቴን ያሳረረው።

ሳይስቅ የቀረው ሰዓት ሠሪው ብቻ ነበር። ቤታችሁ ማጫወቻውን የሚያዞረው ምን ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ያኔ ብልጭ አለልኝ! የማዞሪያው ቀበቶ ተበጥሶ አንቺ ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠሽ የሠራሽለት ቀለበት! እየተንሸራተተ ቀስ ይል ነበር ለካ። ያንን ሸክላ ሌላ ቦታ ሰምቼው ስለማላውቅ ሲፈጠርም እንደዚያ የሚዘገይ ይመስለኝ ነበር። ይህን ስነግራቸው እንደገና ሳቁ። ሰዓት ሠሪው ግን የማጫወቻውን የፍጥነት ቁልፍ ወደ ታች አዞረና እስቲ አሁን በእኅትህ ፍጥነት እንስማው አለ።

እኅቴ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ! መጀመሪያ ያ የማውቀው ዜማ መጣ። ሳቁ ቆመ። ቀጥሎ ከቤዙ ሥር ወፍራም፣ ጎርነን ያለ ድምፅ ተከተለ፤ ሥራው ላይ ያለ ሰው ለራሱ የሚያንጎራጉረው ዓይነት። ማስረጃ ወንበሩን ጎትቶ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጠፈ። ግን እሱ በአንዴ መቼ ይረታል! በትክክለኛው ፍጥነት ይደገም አለ። ተደገመ። አሁን ሁሉም ሰው ሰማው፤ ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር። ማስረጃ ቀና ብሎ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ሰውዬ ሳልሰማው ኖርኩ፣ አንዲት የማላውቃት ሴት መርፌ በአፏ ይዛ ሰማችው አለ። ከዚያ ሁለት እጁን አወጣ። ሰዓት ሠሪው የሚቆጠረው አንዱ ነው ብሎ አስወረደው። ከዘጠኝ ዘጠኝ! ልቤ ቅቤ ጠጣ። አለቀስኩም፣ ምን እደብቅሻለሁ።

ይህ የሆነው የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። ትናንት ዝርዝሩ ታትሞ ደረሰ፤ ይኸው አንዱን ልኬልሻለሁ። ሰባተኛውን መስመር ተመልከቺ። አታሚው ስሜን ሊያሰፍር ሲል ጆሮው የኔ አይደለም ብዬ ከለከልኩት። «የመረጠችው፦ የአንድ አባላችን እኅት፣ ልብስ ሰፊዋ» ይላል። ዛሬ ጠዋት በሦስት ሱቅ በር ላይ ተለጥፎ አይቼዋለሁ። አንድ የማላውቀው ሰው መስኮቱ ሥር ቆሞ ሰባተኛውን መስመር ወረቀት ላይ ሲገለብጥ ሳይ አንገቴን ቀና አድርጌ አለፍኩ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ልጅሽን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፣ አዲሱንም ጥርስ እይልኝ። አጎታችንን በአክብሮት ሰላም በይልኝና ወረቀቱን ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ አልተቀየምኳቸውም፣ አሸነፍናቸው እንጂ። ጎረቤታችንን ኤሌክትሪክ ሠራተኛውንም እንዲሁ ሰላም በይው። ማጫወቻዋን ላድሳት ካለሽ ግን እጁን እንዳያሳርፍባት። ያቺ ላስቲክ እንዳትነካ።

የሚወድሽና የሚኮራብሽ፣
ችኩሉ ወንድምሽ

ከሁለተኛው ፎቅ ክፍሌ፣ እሁድ ኅዳር ፱ ቀን