ቁጥሩ ትክክል ነበር

እንጅባራ፣ ጥቅምት ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ከመስመሩ ማዶ ላለኸው ወዳጄ፣

እንዴት ሰንብተሃል? ሐዘኑስ እንዴት አድርጎሃል? እህል ቀምሰህ ታድራለህ? ዳንግላ ፀሐይ እንደወጣላችሁ ሾፌሮቹ ነግረውኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ፤ ከጉንፋንና ከዚህ አገር ጭጋግ በቀር የነካኝ የለም። ጤናዬን የምጽፍልህ ጠይቀኸኝ አይደለም። ድሮ ጠዋት ጠዋት ትጠይቀኝ ስለነበር ልማድ ሆኖብኝ ነው።

በየቀኑ እየተደዋወልን ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ግን ትናንት ሁለት ሰዓት ላይ ‹‹ዳንግላ ነኝ፣ መስመሩ ደህና ነው›› ብለህ ዘጋኸው። ከትናንት ወዲያም እንዲሁ። ከሐዘን ቤት ወደ ሥራህ ከተመለስክ ወዲህ ከዚህ የተረፈ ቃል ካንተ አልሰማሁም። ይኸኛው ነገር ደግሞ በስልክ የሚነገር አይደለም፤ የሌላ አገር ስልከኞች ጆሯቸው ሰፊ መሆኑን አንተም ታውቃለህ። ስለዚህ ለጭነት መኪናው ሾፌር ለውዱ አደራ ሰጥቼዋለሁ።

ያን የመጀመሪያ ክረምታችንን ታስታውሳለህ? አንተ የጥርባ ልጅ ዳንግላ ተመድበህ፣ እኔ የማርቆስ ልጅ ያንተ አገር እንጅባራ ተጥዬ። ሰዉ በአገውኛ ሲጫወት መሐሉ ቁጭ ብዬ ሲስቁ እስቃለሁ እንጂ በምን እንደሚሳቅ አላውቅም ነበር። ዝናቡ ደግሞ መስመሩን አበላሽቶ ቃል ይውጥብናል። ደንባችን የመልእክቱን የቃል ብዛት አስቀድሞ መንገር ነው፤ ተቀባዩ ቆጥሮ ከጎደለበት ያስደግማል። አንድ ጠዋት ‹‹ቃሉ ራሱ ቁጥሩን ለምን አይናገርም?›› አልክና ‹‹ይህ ዓረፍተ ነገር ስድስት ቃላት አሉት›› ብለህ ላክህልኝ። ብቆጥረው ስድስት። አንዱን መስመሩ ቢውጠው ኖሮ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ውሸታም ይሆን ነበር። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

በማግስቱ እኔ ‹‹በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሰባት ቃላት አሉ›› አልኩህ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመን። ‹‹አሁን የምልህ ውሸት ነው›› ያልከኝ ቀን ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ፤ ውሸት ነው ብዬ ሳምን እውነት ይሆንብኛል፣ እውነት ነው ስል መልሶ ውሸት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መሸነፌን ስነግርህ የሳቅኸው ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ጎረቤቴ ባለሱቁ ሐሰን በሳንቃው በኩል ሲሰማን ይውልና ‹‹ሰው ስልክ ሲያገኝ የዘመድ ጤና ይጠይቃል፤ እናንተ የምታወሩት ስለምታወሩት ወሬ ብቻ ነው›› ይለኝ ነበር። እስቅበታለሁ። አሁን አልስቅበትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ስንጫወት የእናትህን ስም እንኳ ጠይቄህ አላውቅም። ያለምወርቅ መባላቸውን የሰማሁት ከሞቱ በኋላ ነው።

ሕጋችንን አንተው ነህ ያወጣኸው። ቁጥሩ ልክ የሆነ ቃል አይዋሽም፤ ቁጥሩ የተሳሳተ ከሆነ አትመነው። ‹‹ተቆጣጣሪው እየመጣ ነው›› ብለህ ስታስደነግጠኝ፣ ቁጥሩን አንድ ጨምረህ ስለነበር ቀልድ መሆኑ ወዲያው ገብቶኛል።

እንግዲህ ወደ መስከረም ሃያ አንድ ልምጣ። ሳልጽፈው ስንት ወረቀት ቀደድኩ መሰለህ።

አጎትህ አያ ደሴ ከሦስት ሰዎች ጋር በፈረስ መጡ። ጋቢያቸውን አደግድገው ሲገቡ ሳይናገሩ ገባኝ። ‹‹እናቱ ዛሬ ጠዋት አርፋለች። እስኪደርስ ቀብሩን እናቆየዋለን። መርዶ በስልክ አይነገርምና ልጁን መንገድ ላይ እንዳትገድልብን፤ ትንሽ አሟታል፣ ና በልልን›› አሉኝ። ልማድ ነው፣ አልፈርድባቸውም። ‹‹ትንሽ አሟታል›› ሲባል የማይደነግጥ ያገራችን ሰው ደግሞ የለም። የሰማ ሰው ያው ጫማውን ሳያስር ይነሣል፤ ሲደርስ ዘመድ ተሰብስቦ ያረዳዋል። እንዳዘዙኝ ስነግርህ አንተም ደንግጠህ ነበር። ‹‹በቁጥሩ ንገረኝ›› አልከኝ።

አያ ደሴ ቁጥር አላዘዙኝም። ምን ማለት እንደሆነም አያውቁም። ያዘዘኝ ሰው የለም።

‹‹እናትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ና ብለውሃል፣ ቃሉ ስምንት ነው›› አልኩህ። ስትቆጥር ሰማሁህ። ስምንት ነበር። ትንፋሽህ ሲመለስ ደግሞ በመስመሩ ተሰማኝ፤ ‹‹ተመስገን፣ እንግዲያው ተተኪዬ ሲመጣ እነሣለሁ›› አልክ። ዘጠኝ ብዬህ ቢሆን ስልኩን ጥለህ ያገኘኸው መኪና ላይ ትንጠለጠል ነበር። የሽማግሌዎቹም ትእዛዝ አይፈርስም፣ አንተም እናትህን ትሸኝ ነበር።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቁህ። ከዚያ በላይ ማቆየት አልተቻለም። አንተ በማግስቱ ረፋድ ላይ አዲስ ብርድ ልብስ በብብትህ ይዘህ መጣህ፤ ጥርባ ብርድ ነው፣ ታመዋል ተብለሃል፣ ሱቅ ለሱቅ ዞረህ ወፍራሙን መርጠህ። ሴቶቹ ሲያዩህ ጮኹ። እኔ ከድንኳኑ ደጃፍ ቆሜ ነበር። በፊት ተያይተን ስለማናውቅ በድምፄ ነው የለየኸኝ፤ ‹‹ያጽናህ›› ስልህ ቀና አልክና ‹‹ቁጥሩ ትክክል ነበር›› አልከኝ። ብርድ ልብሱን ከእጅህ የወሰደልህ ሰው እንኳ አልነበረም።

ለምን እንዲያ አደረግህ ብለህ እስካሁን አልጠየቅኸኝም፤ እኔ ራሴን ስጠይቅ ከረምኩ። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ እያዩኝ ነበር ብዬ ራሴን አታለልኩ። ውሸቴን ነው። ስታለቅስ መስማት ፈርቼ ነው። በዚህ አገር ያለኝ ድምፅ ያንተ ብቻ ነው፤ እሱ ጆሮዬ ላይ ሲሰበር መስማት አቃተኝ። ላንተ ብዬ ሳይሆን ለራሴ ብዬ ነው የዋሸሁህ። ዓረፍተ ነገሩ ስለ ራሱ እውነት ተናገረ፤ ስለ እናትህ ግን ዋሸ። ዛሬ እንግዲህ መስመሩ ደህና ነው፣ እኔ ብቻዬን ነኝ። የፈራሁት ደረሰብኝ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ይህን ባልነግርህ በሰማይ እጠየቅበታለሁ።

በገበያ ቀን አንዲት አሮጊት ከስልክ ቤቱ መስኮት ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላሉ ብዬህ አውቅ ይሆን? አይመስለኝም። የሚነገር ነገር አልመሰለኝም ነበር። ቅቤያቸውን ሸጠው ሲመለሱ አረፍ የሚሉ ነበር የሚመስለኝ። በአማርኛ ሰላም ስላቸው ፈገግ ይላሉ እንጂ አይመልሱም። አንተና እኔ ስንጯጯህ፣ ድምፅህ ከስልኩ አልፎ እስከ ደጅ ድረስ ይሰማል። እሳቸው ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው ቁጭ ይላሉ። ስንጨርስ ይነሣሉ።

ከቀብሩ በኋላ ነው ሐሰን ‹‹ያቺ የድንጋይዋ ባልቴት ቀረች አይደል፣ ነፍሷን ይማር›› ያለኝ። ማን ናት ስለው ደነገጠ። ‹‹እንዴ! የልጇን ድምፅ ልትሰማ አይደል የምትመጣው? የምታውቅ መስሎኝ›› አለኝ። ለምን አልነገርከኝም ስለው ‹‹መቼ ጠየቅኸኝ›› አለ። አገውኛውን እሱ ይሰማል፤ ሱቁ ገብተው ‹‹ዛሬ እስከ አሥር ቆጠረልኝ›› ብለው ያወሩለት ነበር አሉ። የምንቆጥረው ምን እንደሆነ ሳያውቁ፣ ጤነኛ መሆንህን ከድምፅህ እየለዩ ይሄዱ ነበር። በመጨረሻው ገበያ ግን ዝናብ ይገባብኛል ብዬ መስኮቱን ዘጋሁት። ድንጋዩ ላይ ነበሩ። አይቻቸዋለሁ።

አሁን በገበያ ቀን፣ ቢዘንብም ባይዘንብም፣ መስኮቱ ክፍት ነው።

ጥቅምት ሠላሳ አርባቸው ነው። ወደ ጥርባ ስትሄድ በዚሁ በደጄ ታልፋለህ። ግባ አልልህም፤ ድንጋዩ ግን እዚያው አለ፣ አረፍ በልበት። ብትሰድበኝም እሰማለሁ። መስደብ እንኳ ባትፈልግ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ‹‹መስመሩ ደህና ነው›› ካልክ በኋላ ቶሎ አትዝጋው፤ ትንሽ ቆይ፣ እኔ ልቁጠር።

እግዚአብሔር የእናትህን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ላንተም ጽናቱን፣ ዕድሜውን፣ የእናት ምርቃት የማይለየው ቤት ይስጥህ። እህልም ብላ።

ይህ ዓረፍተ ነገር ካንተ የምጠብቀው አንድ ቃል ጎድሎታል።

በእናትህ አገር ያለሁት፣
ወዳጅህ