ለደንበኛሽ ንገሪያት

እንደ እኅት ለማይሽ ሚዜዬ፤

እንደምን ከረምሽ? አዲሱ ከተማ ተስማማሽ? ያ የማይለቅ ጉንፋንሽስ ተወሽ? እኔ አለሁ። የጸጉር ቤቱ ሰዎች ሁሉም ደህና ናቸው። ካንቺ መስታወት ፊት አዲስ ልጅ ቆማለች፤ እጇ ጥሩ ነው፣ ጨዋታ ግን አታውቅም። ደንበኞችሽ ያቺ ተጫዋች የት ሄደች እያሉ ይጠይቁኛል።

የምጽፍልሽ የጤናዬን ነገር ላጫውትሽ ብዬ ነው። ያን ዕለት ሰው ጭር ሲል ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጠን ስለ ማሕፀን ፈሳሼ በሹክሹክታ ያማከርኩሽን አትረሺውም። መልኩ ወደ ቢጫና አረንጓዴ ሄዷል፣ አረፋ አለው፣ ሽታው ለራሴም አስጠላኝ፣ ስሸናም ያቃጥለኛል ብዬሽ ነበር። እናቴን እንኳ ደብቄ ላንቺ ነው የተናገርኩት። አንቺም የንጽሕና ጉዳይ ነው፣ ክሊኒክ ሄደሽ ራስሽን አታዋርጂ፣ ለብ ያለ ውሃ ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርገሽ ውስጥሽን ታጠቢ አልሽኝ። አመንኩሽ። ጠዋት ማታ ታጠብኩ። ቃጠሎው ባሰብኝ እንጂ አልበረደልኝም። ባለቤቴ ግን አንድም ቀን ሳይጸየፈኝ እንደ ወትሮው አብሮኝ ይተኛ ነበር። በልቤ ስንት ጊዜ አመሰገንኩት መሰለሽ።

መቀመጥ ሲያቅተኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ጠና ያለች ሴት ናት። ገና ከመቀመጤ ስለ ቆሻሻነቴ ይቅርታ ብጠይቃት ሳቀችብኝ። ፈሳሽ መኖሩ ብቻውን በሽታ አይደለም፣ ሰውነት ራሱን የሚያጸዳበት ነው አለችኝ። ጤነኛው የጠራ ወይም ነጣ ያለ ነው፤ በሁለት የወር አበባዎች መሐል ደግሞ እንደ እንቁላል ነጭ ክፍል ይለጠጣል። እኔ ታዲያ ስንት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ነውር መስሎኝ ስፍቅ ኖሬአለሁ። እንደ ረጋ ወተት ሆኖ የሚያሳክክ ግን ሕመም ነው፤ ግራጫ ሆኖ ዓሣ ዓሣ የሚሸትም እንዲሁ። መድኃኒታቸው አንድ ስላልሆነ በግምት አይታከምም። ኮምጣጤውን ስነግራት ሳቋ ጠፋ። ውስጥን መታጠብ ዘበኛን አባርሮ በር ከፍቶ እንደመተኛት ነው አለች።

ናሙና ወስዳ አስመረመረችና የኔው በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ነው አለችኝ። ምልክት ሳያሳይ ብዙ ወር ሊቆይ ይችላል፣ በዚህ ብቻ ማንንም አትኮንኚ ስትለኝ በዚያች ቃል ላይ ተንጠለጠልኩ። ባለቤትሽም አብሮሽ ካልታከመ መልሶ ያስይዝሻል፣ ሕክምናውን ጨርሳችሁ ሳምንት እስኪሞላ አትገናኙ ብላ ክኒን ሰጠችኝ። ማሸጊያውን አወቅኩት። መሳቢያሽ ውስጥ አይቼው ስጠይቅሽ አንዲት ደንበኛዬ ረስታው ነው ያልሽኝ ዓይነት ነው። ያኔም ቢሆን ምንም አልጠረጠርኩም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ጫማውን እየቦረሸ ነበር። ሁለታችንም መታከም እንዳለብን ነገርኩት። ቀና ሳይል፣

"እኔ ድሮ ወስጃለሁ" አለኝ።

ማን እንዳዘዘለት ብጠይቀው ሌላኛውን ጫማ አነሳ። ቆይቶ፣ ያዘነልኝ መስሎት፣

"አንቺም ያንን ኮምጣጤ ተይው" አለኝ።

ሚዜዬ፣ እኔ ስለ ኮምጣጤ ለባለቤቴ ተናግሬ አላውቅም። ጠርሙሱንም ከክረምት ልብሶቼ ሥር ነበር የምሸሽገው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ በኔ ሲደርስ ገባኝ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኩትም። ልብሱን በሻንጣ አድርጌ በሩ ላይ አኖርኩለት።

አሁን የሚያሳስበኝ የዚያች ደንበኛሽ ነገር ነው። እሷ ታክማ ወዳጇንም አሳክማ እፎይ ብላ ይሆናል። ነገር ግን ሦስተኛዋ ሰው እንዳትታከም ስለተደረገች፣ ሰውየው ከሷ መልሶ ሳይወስድ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ለሥራ ነው እያለ ወደ እናንተ ከተማ ሲመላለስ ደንበኛሽን አግኝቷት ከሆነ የዋጠችው ክኒን ከንቱ ነው። ምንም ባይሰማትም እንደገና ትመርመር። እባክሽን ለደንበኛሽ ንገሪያት፤ በኮምጣጤ ግን እንዳትታጠብ።

ይህን ደብዳቤ ከፖስተኛው እጅ የሚቀበለው ሌላ ሰው ከሆነ፣ እሱም እንደገና መታከም እንዳለበት አንብቢለት። እኔ ድኛለሁ።

ጤናውን ያድልሽ። ይህን ከልቤ ነው የምልሽ፤ ከዚህ በላይ ለመመረቅ ግን አፌ እምቢ አለኝ።

ቬሏን ያስተካከልሽላት
ሙሽራሽ